ምዕራፍ ሰባት፦ ከደባርቅ ሽቅብ የሚወጣ ካሜራ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ በተራራው ላይ ስንት ፎቶ እንደተነሣ ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም። የጭላዳው ጎፈር፣ የዋልያው ቀንድ፣ የእሜት ጎጎ ገደል በየቀን መቁጠሪያውና በየሆቴሉ ግድግዳ ተሰቅሏል። ቢቢሲ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳየው «ፕላኔት ኧርዝ» ስለ ተራሮች በሚተርከው ክፍሉ ጭላዳን በዓለም ዙሪያ አሳይቷል። ይህን ሁሉ ያነሣው እጅ ግን በአብዛኛው የእንግዳ እጅ ነው። እንግዳው ዝናቡ ሲያባራ ይመጣል፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይሄዳል። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ በቅሎ ነጂውና ምግብ አብሳዩ ግን ክረምት ከበጋ እዚያው ናቸው። ጭላዳው የቱ ገደል ላይ እንደሚያድር፣ ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚገለጥ፣ ጅብራው የት የት እንደሚያብብ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ለእነሱ ነው። ደባርቅ ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ፣ ዳባት ለሥራ የተመደበች መምህርት፣ የሰፈሩን ሰርግና ክርስትና በስልኩ ሲያነሣ የከረመ ወጣት «ከስልክ ከፍ ያለ ትንሽ ካሜራ ልግዛ፤ የቱን?» ብለው ይጠይቃሉ። ለጥያቄው በየቦታው የሚሰጠው መልስ ከከተማ ላልወጣ ሰው ወይም ለአንድ ሳምንት ለሚጓዝ ቱሪስት የተዘጋጀ ነው። በ3,600 ሜትር ላይ፣ መብራት በሌለበት ሰፈር፣ ጋቢ በለበሱ ሰዎች መካከል ለሚኖር ሰው መልሱ ይለያል። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ቦዲው (የካሜራው አካል) ላይ የሚወጣውን ገንዘብ ቀንሱ፣ ሌንሱ ላይ ጨምሩ፤ ዓይን የሚጠጋበት መስኮት የሌለውን ካሜራ አትግዙ፤ ሁለተኛ ባትሪ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ። የሚቀጥለው ሁሉ ለዚህ ማስረጃ ነው።

መጀመሪያ ስለ ክብደት። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺ ወታደሮችን ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ በኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣት፣ ሳይደርቅም መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ጨለማ ክፍሉን፣ ውሃውንና ጠርሙሱን ጭምር በደጋው አቀበት ማጓጓዝ ግድ ሆነ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት የተቀመጠው በዚሁ ዓይነት ካሜራ ነው። አባቱ የነገሡት ደግሞ እዚሁ ስሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊልም መጣ፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። ዛሬ እንደ ሶኒ ኤ6000 ያለ ካሜራ ባትሪውንና ሚሞሪ ካርዱን ይዞ 344 ግራም ይመዝናል። ከቡይት ራስ እስከ ግጭ በእግር ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከባድ ካሜራ ሻንጣ ውስጥ ይቀራል፤ ሻንጣው በቅሎ ላይ ነው፤ በቅሎዋ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዳለች።

ክብደቱ እንዴት ቀነሰ? በየፎቶ ቤቱ የምናውቀው ትልቁ ዲጂታል ካሜራ በሆዱ ውስጥ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ ነጥሮ፣ በላይኛው ጉልላት ውስጥ ተጣጥፎ ወደ ዓይን ይደርሳል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ብሎ ብርሃኑን ፎቶውን ወደሚይዘው ሰሌዳ፣ ወደ ሴንሰሩ፣ ያሳልፈዋል። ሚረርለስ ካሜራ ይህን ሁሉ አውጥቶ ጥሎታል። ብርሃኑ ምንጊዜም በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ሴንሰሩ ያየው በትንሽ ስክሪን ለዓይን ይታያል። ፓናሶኒክ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሉሚክስ ጂ1 ሌንሳቸው ከሚቀየር የዚህ ዓይነት ካሜራዎች የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ።

የቀነሰው ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩ። ለእኛ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። በድሮው ካሜራ መስኮት የሚታየው ዓለም እንደ ዓለሙ ነው፤ ፎቶው ይጨልም ይንጣ የሚታወቀው ከተነሣ በኋላ ነው። በሚረርለስ ግን ፎቶው ምን ሊመስል እንደሆነ ቁልፉ ሳይጫን ይታያል። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ በአንድ ጉዳይ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ፤ ጉዳዩ ጋቢ ነው።

ካሜራ ብርሃን ሲለካ ሰውና ጋቢ አይለይም። ፊቱ ያለውን ሁሉ አማክሎ በነጭና በጥቁር መካከል ወዳለ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ጥር 11 ቀን ታቦት አጅቦ የሚሄደውን ሕዝብ አስቡ። ከፊት እስከ ኋላ ነጠላና ጋቢ ነው፤ በላዩ የደጋ ፀሐይ አለ። ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ልብስ አመድ ይመስላል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ ጨልሞ ዓይኑና አፉ አይለይም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ካሜራው አይረባም» ይላል። ካሜራው የታዘዘውን ነው የሠራው። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው፤ ሁሉም ሚረርለስ አለው። ቁልፉን ወደ መደመሩ በሁለት ሦስተኛ ወይም በአንድ ደረጃ ማሳደግ ነው። ዓይን በሚጠጋበት መስኮት (በቪውፋይንደሩ) እያያችሁ ታዞራላችሁ፤ ፊቱ ሲገለጥ፣ የጥለቱም ቀለም ገና ሳይጠፋ ታቆማላችሁ። ከዚያ በላይ ካሳደጋችሁ የጋቢው ሽመና ይጠፋና ልሙጥ ወረቀት ይሆናል። ጭላዳ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጥቁር ቡናማ ጎፈሩ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን ይጨምራል፤ የደረቱ ቀይ ቀለምም ይነጣል። ያኔ ወደ መቀነሱ ነው። ይህን አንድ ቁልፍ የለመደ ጀማሪ በማንኛውም ካሜራ ጥሩ ፎቶ ያነሣል። ያልለመደው በውድ ካሜራም ጥቁር ፊት ይዞ ይመለሳል።

ፎቶውን በሮው ፎርማት ማስቀመጥም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጄፔግ ካሜራው በራሱ ፍርድ አብስሎ የሚሰጠው ነው፤ ሮው ሴንሰሩ የያዘውን እንዳለ ያስቀምጣል። ጨልሞ የተነሣ ፊት ከሮው ላይ ብዙ ይመለሳል፤ ከጄፔግ ላይ ግን ጥቂት ብቻ ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ የሮው ፋይል 24 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ካርድ ከ2,000 በላይ ይሸከማል፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ስለ መስኮቱ። ቪውፋይንደር የሌላቸው ሚረርለሶች አሉ፤ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 እና ኒኮን ዜድ30 ከእነሱ ናቸው። ካሜራ ፊት ቆሞ ለሚናገር ሰው የተሠሩ ናቸው፤ ለዚያ ሥራ ጥሩ ናቸው። ጨነቅ ካምፕ ላይ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ግን የኋላ ስክሪን የሚያሳየው የገዛ ፊታችሁን ነው። አየሩ ስስ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃኑ ይጋረፋል። ዓይን ተጠግቶ ካላየ በስተቀር ያ ሁሉ የመደመርና የመቀነስ ጥበብ ከንቱ ነው። ሻጩ ምንም ቢያሞግስ፣ ዋጋውን ምንም ቢያረክስ፣ ለዚህ አገር መስኮት የሌለው አይሆንም እላለሁ።

ከሞዴሎቹ የማውቃቸውን ልጥቀስ። ካነን በ2023 እ.ኤ.አ. አር50 እና አር100 የተባሉ ሁለት ትንንሽ ካሜራዎች አወጣ። ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ሁለቱም ከ400 ግራም በታች ናቸው፤ ሁለቱም መስኮት አላቸው። አር50 ስክሪኑ ይገለበጣል፣ በጣት ይነካል፤ ፎከሱም የሰውን ዓይን ብቻ ሳይሆን እንስሳትንም ይከታተላል። አር100 ስክሪኑ አይንቀሳቀስም፣ በጣትም አይታዘዝም፤ ዓይን ለይቶ የሚከታተለው የሰውን ነው። ሲወጡ ከትንሿ ሌንሳቸው ጋር አር50 800 ዶላር፣ አር100 600 ዶላር ነበሩ። የ200 ዶላር ልዩነት ማለት ነው። ካነን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የምትባለውን ትንሽ ሌንስ ለገበያ ያቀረበባት ዋጋም 200 ዶላር ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ርካሹን ቦዲ ገዝቼ ልዩነቱን ሌንሷ ላይ አውለዋለሁ። የሚገለበጥ ስክሪን ጥሩ ነገር ነው፤ በጨለማ ቤት ውስጥ የእናትን ፊት ለማንሣት ግን አይረዳም።

ያቺ ሌንስ ምን እንደምትሠራ በቁጥር ላሳይ። ከካሜራው ጋር የምትመጣው ትንሿ ዙም እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስትዘረጋ ቀዳዳዋ ኤፍ 6.3 ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ኤፍ 1.8 የሚያስገባው ብርሃን የኤፍ 6.3 12 እጥፍ ነው። አንድ በር ብቻ ባለው የሣር ቤት ውስጥ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ዙሟ ፎቶውን ወይ ታደበዝዘዋለች ወይ በጥቃቅን ነጠብጣብ ትሞላዋለች። ሰፊዋ ሌንስ ግን በበሩ በኩል በሚገባው ብርሃን ብቻ ጀበናውን፣ እጁን፣ ፊቱን ትይዛለች። ፍላሽ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ፍላሹ የጭሱንና የበሩን ብርሃን ሁሉ ያጠፋዋል። አንድ ጉድለት አላት፦ 50 ሚሊ ሜትር በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ጠበብ ትላለች። በትንሽ ቤት ውስጥ ጀርባችሁን ግድግዳ ታስነካላችሁ። ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚያነሣ ሰው ከ28 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለችውን ይፈልግ።

አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው ቅድም የጠቀስኩት ሶኒ ኤ6000 አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል። ሆኖም 24 ሜጋፒክስል ሴንሰሩ፣ በሰከንድ እስከ 11 ፎቶ የሚያነሣው ፍጥነቱ ዛሬም ለጀማሪ ይተርፋል። ባትሪውም በድሮ የስልክ ገመድ፣ ከፓወር ባንክ ጭምር፣ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ቻርጅ ይደረጋል። መብራት ለሌለበት ካምፕ ይህ አንድ ባሕርይው ብቻ ብዙ ነጥብ ያሰጠዋል። ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ማርክ 4 ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥ በቦዲው ውስጥ ያረጋጋል። ረጅሙ ሌንሱ 190 ግራም ብቻ ነው፤ ለእግረኛ እንዲህ የሚመች የለም። ግን ባትሪውንና መለዋወጫውን ጎንደር ላይ ማግኘት ከካነንና ከሶኒ ይከብዳል፤ ስለዚህ የሚልክለት ዘመድ ውጭ አገር ላለው ሰው ነው የምመክረው።

የዋጋውን ነገር በብር ማየት ያስደነግጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም በላይ ወጣ። የ600 ዶላሩ ካሜራ በባንክ ስሌት ከ34,000 ብር ከ60,000 በላይ ገባ ማለት ነው፤ የነጋዴው ትርፍና ቀረጡ ገና አልተጨመረም። ለዚህ ነው ያገለገለ ካሜራን የማልንቀው። ያገለገለ ሲገዛ ግን በቴሌግራም ፎቶ አይተው ገንዘብ አይልኩም። በእጅ ይዞ ማየት ነው። ሌንሱን አውጥታችሁ የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብሩበት፤ በሌላ በኩል ስታዩ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ጥርት ያለውን ሰማይ አንሡ፤ ፎቶውን ስታሰፉት ጥቋቁር ነጥብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጠረጋል፤ ጭረት ግን አይድንም። ሻተሩ (ለብርሃኑ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ጠይቁ። የሰርግ ፎቶ አንሺ እጅ የቆየ ካሜራ ብዙ ሠርቷል። ባትሪው ካበጠ፣ ቻርጀሩ ከሌለ ዋጋው ላይ ተከራከሩ። ሚሞሪ ካርድም ተመሳስሎ የተሠራ ሞልቷል። 64 ተብሎ የተሸጠ ካርድ ውስጡ 8 ሊሆን ስለሚችል ለሥራ ከመውሰዳችሁ በፊት እስኪሞላ ቪዲዮ ቅዱበት፤ የመጨረሻው ቪዲዮ መከፈቱንም እዩ።

ወደ ረጅም ሌንስ ልምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጭላዳ ለመንጋው አጠገብ ቀስ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ጥቂት ሜትር ድረስ ይጠጋል፤ ትንሿ ዙም ትበቃዋለች። (ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ፣ ነጣ ያለ የዓይኑን ቆብ ብልጭ ካደረገ ግን እየፎከረ ነው፤ ወደኋላ በሉ።) ዋልያ ሌላ ነው። ዋልያው ገደሉ ላይ ቆሞ 100 ሜትር ይርቃል እንበል፤ ቁመቱ ትከሻው ላይ 1 ሜትር ገደማ ነው። በሶኒው ላይ ዙሟን እስከ 50 ሚሊ ሜትር ብትዘረጉ ፍሬሙ ከላይ እስከ ታች 31 ሜትር የሚሆን ገደል ይይዛል። ዋልያው ከዚያ 31 እጅ አንዱ ነው፤ በፎቶው ላይ ከ130 ፒክስል አይበልጥም። ቀንዱ ይታይ እንደሆነ እንጂ ጺሙ አይታይም። 210 ሚሊ ሜትር በሚደርሰው ረጅም ዙም ግን ፍሬሙ 7 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል፤ ዋልያው ከ500 ፒክስል ይበልጣል። የቀንዱ ቋጠሮ ይቆጠራል። የሶኒ 55-210 ሌንስ 345 ግራም ነው፤ ካነንም ተመሳሳይ 55-210 አለው፤ ሲወጣ 350 ዶላር ነበር። እንስሳ ለማንሣት የሚመኝ ጀማሪ ውድ ቦዲ ከመግዛት ይህን ሌንስ ይግዛ። ቀይ ቀበሮን የሚያይ ሰው ብርቅ ነው፤ ላየው ግን ያለዚህ ሌንስ ቀይ ነጥብ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ረጅም ሌንስ ትንሽ የእጅ ንቅናቄ አያልፍም። ትራይፖድ ልግዛ ለሚሉኝ ደጋው መልሱን አስቀድሞ እንደሰጠ እነግራቸዋለሁ። ስካውቱም እረኛውም ዱላ አላቸው። ዱላውን መሬት ላይ ተክላችሁ፣ በግራ እጃችሁ ዱላውንና የሌንሱን ሆድ አንድ ላይ ጨብጣችሁ፣ ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ ስትጫኑ ሌንሱ ይረጋል። የሌሊት ኮከብ ማንሣት ለሚፈልግ ብቻ ነው ትራይፖድ የግድ የሚሆነው። ያኔም ቀላሉ ትራይፖድ በግጭ ንፋስ እንዳይወድቅ ሻንጣውን ከመሐሉ ማንጠልጠል ያስፈልጋል።

ባትሪ። የኤ6000 ባትሪ በመስኮቱ እያዩ ቢያነሡ በአንድ ቻርጅ 310 ፎቶ ያህል እንደሚያነሣ ፋብሪካው ይናገራል፤ ሌሎቹ ትንንሾችም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ይህ ልከኛ ሙቀት ባለበት ክፍል የተለካ ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ አመዳይ ሣሩን ባነጣበት ሰዓት፣ ብርዱ በባትሪው ውስጥ ያለውን የኬሚካል እንቅስቃሴ ስለሚያዘገየው ቁጥሩ ያሽቆለቁላል። ባዶ መስሎ የጠፋ ባትሪ ብብት ስር ሲሞቅ ጥቂት ፎቶ ይጨምራል። ስለዚህ ትርፉን ባትሪ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ አድርጉት፤ ሌሊቱንም አብሯችሁ ይተኛ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ሌላ ችግር አለ፦ በቀዘቀዘው ሌንስ ላይ እርጥበት ያዝላል፤ ውስጥ ከገባ ለሻጋታ መንገድ ይከፍታል። ካሜራውን ውጭ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ አፉን ቋጥሩ፤ ቤት ገብታችሁ ፌስታሉ እስኪሞቅ አትፍቱት። እርጥበቱ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፤ የካሜራ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አለው።

አቧራውም የራሱ ጣጣ አለው። ከኅዳር ጀምሮ በዳባት ዙሪያ በገብስ አውድማ ላይ የሚነሣው ብናኝ በፀሐይ ግባት ሲታይ እጅግ ያምራል። ፀሐዩን ከገበሬው ጀርባ አድርጋችሁ፣ ሻተሩን 1/500 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ስታነሡ በመንሹ የተወረወረው እብቅ ፍሬ በፍሬ አየር ላይ ይቆማል። ግን እዚያ ሆኖ ሌንስ መቀየር አይሆንም። ሚረርለስ መስታወት ስለሌለው ሌንሱ ሲወጣ ሴንሰሩ ራቁቱን ነው። ለቦታው የሚሆነውን ሌንስ ቤት ሆናችሁ ግጠሙ። ግድ ከሆነም ጀርባችሁን ለንፋሱ ሰጥታችሁ፣ የቦዲውን አፍ ወደ መሬት ደፍታችሁ ቀይሩ። የሌንሱን ፊት በነጠላ ጫፍ መጥረግ ያየሁት ልማድ ነው፤ ላዩ ያለው ጥቃቅን አሸዋ መስታወቱን ይፍቃል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ እፍ ይባላል፤ ከዚያ ነው የሌንስ ጨርቅ የሚነካው። መንፊያውና ጨርቁ ከሁሉም ዕቃ ርካሾቹ ናቸው።

ድሮንን በዚህ ምዕራፍ አላነሣውም። ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ስለማይቻል ለጀማሪ የሚሆን መንገድ አይደለም። በካሜራም ቢሆን ፍተሻ ጣቢያ፣ ወታደር፣ የታጠቀ ሰው አይነሣም። አካባቢው ካለፉት ዓመታት ጦርነት ገና አላገገመም፤ አንድ ቸልተኛ ፎቶ ያነሣውንም የተነሣውንም ችግር ላይ ይጥላል። የወታደር ልብስ ቀለም ያለው የካሜራ ቦርሳም አትግዙ።

ሰውን ማንሣት ፈቃድ ይፈልጋል፤ በገበያ ቀን ከሩቅ በረጅም ሌንስ መስረቅ ጥሩ ፎቶ አያወጣም፤ ወንድምነትም አይደለም። «እናቴ፣ ፎቶ ላንሣዎት? ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ለማን ልታሳየው ነው ልጄ?» ይባላል ብዙ ጊዜ። መልስ ሊኖራችሁ ይገባል። የአገሩ ፎቶ አንሺ ከእንግዳው የሚበልጥበት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ተመልሶ ይመጣል። እንግዳው «እልክልዎታለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ የደባርቁ ልጅ ግን በሚቀጥለው ገበያ ፎቶውን አሳጥቦ በእጃቸው ይሰጣቸዋል። በሁለተኛው ቀን እናቲቱ ራሳቸው ልጆቻቸውን ሰብስበው ይጠብቁታል፤ ቤታቸውም ክፍት ነው፤ ያቺ ኤፍ 1.8 ሌንስም ሥራ የምታገኘው ያኔ ነው። ስለዚህ ከበጀታችሁ ላይ ለማሳጠቢያ የምትሆን ጥቂት ብር ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከዕቃዎቹ እንደ አንዱ ቁጠሩት።

ፎቶው ከካሜራው ወደ ስልክ በዋይፋይ ይሻገራል። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራሙ ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ለማሳጠብም አይሆንም። ካርዱን ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ መቀመጣቸውን አረጋግጡ፤ አንዱ ስልክ ወይም ላፕቶፕ፣ ሌላው ፍላሽ ዲስክ ቢሆን ይበቃል። ፍላሽ ዲስኩን ደግሞ ከካሜራው ጋር በአንድ ቦርሳ አታድርጉት፤ ቦርሳው ቢጠፋ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።